ኮዳ ሞልቶ መንገድ መውጣት

ሰኔ 28 ታናሽ ወንድሜ ለሱቃችን ብርድ ልብስ ሊያመጣ ደብረ ብርሃን ወረደ፤ ላፕቶፑንም ይዞ። የዕቃ ዝርዝራችን ቤት ባለችው አሮጌ ሰርቨር ላይ ነው የሚቀመጠው፤ የምንጋራውም በኮዳ ነው። ወታደር ውኃ የሚይዝበትን ኮዳ ማለቴ አይደለም። ይሄኛው እ.ኤ.አ. በ1987 ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተመራማሪው የሳትያናራያናን ቡድን የጀመረው፣ ፋይል በኔትወርክ የሚያጋራ የፋይል ሲስተም ነው። ሥራቸው ግን ያው ነው፤ ከመውጣትህ በፊት ትሞላዋለህ፣ መንገድ ላይ ትጠጣለህ።

ላፕቶፑ ላይ ያለው ፕሮግራም፣ ቬነስ፣ የሚይዘው ፋይሉን ብቻ አይደለም። አንተ በዚያ ፎልደር ላይ ምን ምን እንደተፈቀደልህም አብሮ ይይዛል። ሰርቨሩ ደግሞ «ከተለወጠ እነግርሃለሁ» ብሎ ቃል ይገባለታል። ኔትወርክ ከሌለ ግን በምን ይንገረው? ቬነስ መጨረሻ የሰማውን ይዞ ይቀጥላል።

ሰኔ 30 ማታ ሒሳብ ልዘጋ ብዬ የወንድሜን የመጻፍ፣ የመጨመርና የመሰረዝ ፈቃድ አነሳሁ፤ ማንበብ ብቻ ተውኩለት። ደውዬ አልነገርኩትም፤ ጥፋቱ የኔ ነው። እሱ አልቤርጎ ቁጭ ብሎ የገዛውን 14 መስመር ሞልቷል። ቬነስም አንዴም እምቢ አላለውም።

ሐምሌ 2 መጥቶ ዋይፋይ ላይ ገባ። ሰርቨሩ ላይ ግን የደረሰ ለውጥ የለም። መልእክት የሚወጣበትን መስኮት ሳየው ቶከን፣ ማለትም ፓስወርድ ስታስገባ የሚሰጥህን ጊዜያዊ መታወቂያ፣ እየጠበቀ ነው፤ ዕድሜው 25 ሰዓት ስለሆነ መንገድ ላይ አልቋል። «ፓስወርድህን አስገባ» አልኩት። አስገባ። ያኔ ሰርቨሩ ለውጦቹን አንድ በአንድ ከአሁኑ ፈቃድ ጋር አመሳከረና መለሳቸው። የዝርዝሩ ፋይል ተርሚናሉ ላይ ቀይ ሆነ፤ የትም የማያደርስ ሊንክ፤ ኮዳ ግጭት ሲገጥመው እንዲህ ነው የሚያሳይህ።

«ፋይሌን ምን በላው?»

አልተበላም። ሰርቨሩ ላይ የነበረው እንዳለ ነው፤ የሱም ለውጥ ላፕቶፑ ላይ አለ። ፈቃዱን መለስኩለትና ሁለቱን ጎን ለጎን ከፍተን አስታረቅናቸው፤ እሱ ያነባል፣ እኔ እጽፋለሁ። ቡና ሁለተኛው እስኪደርስ ጨረስን።

«ማንበብም ከልክለኸኝ ቢሆንስ?» አለኝ።

ደብረ ብርሃን ሆኖ እንደልቡ ያነብ ነበር። የተጻፈ ኔትወርክ ሲመለስ ይጣራል፤ የተነበበን ግን ማን ያጣራል? ላፕቶፑ ደግሞ የራሱ ነው፤ ሩት ሆኖ፣ ማለትም ሁሉም በተፈቀደለት አካውንት፣ ቢገባ የቬነስን ካሽ፣ የያዛቸውን ፋይሎች ማከማቻ፣ እንዳለ ያገኘዋል፤ አልተመሰጠረም። እኔን ይሄ አያናድደኝም። የከረመብኝ ሰኔ 30 ዘጋሁት ያልኩት ሒሳብ ነው፤ እሱን እንደገና መክፈት ነበረብኝ።