በእናቴ ወስፌ የተሰፉ የስኮትስ ግጥሞች፦ የአንድ ዓመት ልምዴ

ስኮትላንድ፣ ግላስጎው ከተማ ውስጥ ከጎረቤቴ ጋር ትንሽ የግጥም ማሳተሚያ ከጀመርን ባለፈው ወር ዓመት ሞላን። የምናሳትመው በስኮትስ ቋንቋ የተጻፈ ግጥም ብቻ ነው። እስካሁን ሁለት ቀጫጭን መድበሎች አውጥተናል፤ ሦስተኛው ጠረጴዛ ላይ ነው። ግጥማችሁን በራሳችሁ እጅ ለማሳተም የምታስቡ ብዙ እንደሆናችሁ ስለማውቅ፣ ያየሁትን ሳልረሳው ልጻፈው ብዬ ነው።

መጀመሪያ «አንቺ ሐበሻዋን ከስኮትስ ጋር ምን አገናኘሽ?» ለሚለው ልመልስ፤ እናቴም ጠይቃኛለች። ያገናኙኝ ጎረቤቴ ናቸው። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፣ በወጣትነታቸው ማተሚያ ቤት ሠርተዋል። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው፤ ትርጉሙን ከነገርኳቸው ጀምሮ በሌላ ስም ስጠራቸው ደስ አይላቸውም። አንድ ቀን ደረጃው ላይ ቆመን ስናወራ፣ ልጅ እያሉ አስተማሪ ጠይቋቸው «የስ» ማለት ሲገባቸው «አይ» ብለው በመመለሳቸው መዳፋቸውን በቆዳ ጠፍር መገረፋቸውን ነገሩኝ። «አይ» በስኮትስ «አዎ» ማለት ነው። እኛ ጋ እምቢታ የሆነው ቃል እዚህ እሺታ ነው። ሲያወሩኝ ቀኝ መዳፋቸውን ዘርግተው እያዩት ነበር። ከዚያ ቤታቸው ገቡና በጫማ ካርቶን የተቀመጡ ወረቀቶች ይዘው ወጡ። ግጥም ነው። የራሳቸው። ለማንም አሳይተው አያውቁም ነበር።

ለማያውቀው ሰው፣ ስኮትስ የተበላሸ እንግሊዝኛ አይደለም፤ የእንግሊዝኛ እህት ነው። ሁለቱም ከጥንቱ እንግሊዝኛ ነው የወጡት፣ ስኮትስ ከሰሜኑ ዘዬ። ከጌይሊክም ይለያል፤ ጌይሊክ ከአይሪሽ ጋር የሚዛመድ ሌላ ቋንቋ ነው። በ2022ቱ የሕዝብ ቆጠራ 1.5 ሚሊዮን ያህል ሰው ስኮትስ እናገራለሁ ብሏል፣ በ2025 ደግሞ የስኮትላንድ ፓርላማ ባጸደቀው ሕግ ሁለቱም ቋንቋዎች ይፋዊ ዕውቅና አግኝተዋል። እኔን ያስቆጨኝ ግን አውቶቡስ ውስጥ በየቀኑ የምሰማውን ቋንቋ መጽሐፍ መደብር ስገባ አንዲት ጥግ ላይ ብቻ ማግኘቴ ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ መንገዱን ያሳየን የድሮው የስኮትስ ገጣሚ ሮበርት በርንስ ነው። የመጀመሪያ መጽሐፉ በ1786 ኪልማርኖክ በምትባል ከተማ ሲታተም 612 ቅጂ ብቻ ነበር፣ ዋጋውም ሦስት ሽልንግ። ከመታተሙ በፊት እንገዛለን ብለው የፈረሙ ሰዎች ነበሩ ወጪውን ያስተማመኑት። ጋሼ ይህን ሲነግሩኝ እኛም እንደዚያው እናድርግ ተባባልን። ለስድስት ሳምንት ሰው እያነጋገርን 83 ሰዎች ስድስት ስድስት ፓውንድ አስቀድመው ከፈሉ። ስለዚህ 120 ቅጂ አሳተምን፤ ለወረቀት፣ ለኅትመትና ለክር የወጣው 310 ፓውንድ ነበር። ከኪሳችን ምንም አልወጣም። ምክሬ ይኸው ነው፦ ገዢውን ከቆጠራችሁ በኋላ ነው ቅጂውን የምትቆጥሩት። አገር ቤት አምስት መቶ ቅጂ አሳትሞ ካርቶኑን አልጋ ሥር ያስቀመጠ ገጣሚ አውቃለሁ፣ ዛሬም ሳስበው ሆዴን ይበላኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፣ ወደ ሆሄው።

ስኮትስ አንድ የተወሰነ አጻጻፍ የለውም። የግላስጎው ሰው ሕፃንን «ዌን» ይላል፣ በምሥራቁ በኩል «ቤርን» ነው። በሰሜን ምሥራቅ፣ አበርዲን አካባቢ፣ ዘዬው ዶሪክ ይባላል፤ እዚያ ሌላው ሰው በ«ው» ወይም በ«ህ» የሚጀምራቸው የጥያቄ ቃላት በ«ፍ» ነው የሚጀምሩት። «ምን» ለማለት ግላስጎው «ዊት» ሲል እነሱ «ፊት» ይላሉ፤ «የት» «ፋር» ነው፣ «እንዴት» ደግሞ «ፉ»። የጎጃምን፣ የጎንደርን፣ የወሎን አማርኛ የሚያውቅ ሰው ይህ አይገርመውም። እኔ ግን የመጀመሪያውን መድበል ሳዘጋጅ ረሳሁት። ስድስት ገጣሚዎች ነበሩበት። መጽሐፉ ወጥ እንዲሆን ብዬ፣ ከአበርዲን አካባቢ የመጣችውን ገጣሚ «ፊት» በሙሉ «ዊት» አደረግሁት። ሰባት ቦታ።

እርማቱን ስልክላት በሁለተኛው ቀን ደወለች። አልተቆጣችም። ስንኙን በስልክ አነበበችልኝ፣ መጀመሪያ እኔ እንዳስተካከልኩት፣ ቀጥሎ እሷ እንደጻፈችው። የእሷ «ፊት»፣ «ፋር»፣ «ፉ» እየተከታተሉ እንደ እስትንፋስ ነው የሚሄዱት፣ ከኋላቸው ደግሞ የነፋስ ነገር ይመጣል፣ ግጥሙ ስለ ባሕር ነፋስ ነውና። የእኔ «ዊት» መሃል ገብታ ነፋሱን አቆመችው። «አያቴ በሕይወቷ ‹ዊት› ብላ አታውቅም» አለችኝ። ይቅርታ ጠይቄ ሁሉንም መለስኩ። ደግነቱ ገና ወረቀት ላይ አልወጣም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደንባችን አንድ ነው፦ ገጣሚውን ሳንጠይቅ አንዲት ፊደል አንነካም። ያልገባኝን ቃል በኢንተርኔት በነፃ ከሚገኘው የስኮትስ መዝገበ ቃላት እፈልጋለሁ፣ እዚያ ካጣሁት ጥያቄ አድርጌ እልካለሁ።

የጭረቷም ነገር አለ። የበርንስ ዘመን ጸሐፊዎች እንግሊዝኛው ፊደል ያለበት፣ ስኮትሱ የሌለበት ቦታ ላይ ትንሽ ጭረት ያስቀምጡ ነበር፣ እዚህ ጋ ፊደል ጎድሏል ለማለት። ግን ምንም አልጎደለም፣ ቃሉ እንደዚያው ነው። በ1947 ኤደንብራ ላይ የተሰበሰቡ ገጣሚዎች ያቺ ጭረት ትቅር ብለው የአጻጻፍ መመሪያ አወጡ፣ ዛሬ ስሟ «ይቅርታ ጠያቂዋ ጭረት» ነው። እኔ ስሟን ስሰማ የጋሼ መዳፍ ነው ትዝ ያለኝ። እሳቸው ግን ጭረቷን ይፈልጓታል፤ አባታቸው የበርንስን ግጥም በቃላቸው የሚሉ ሰው ነበሩ፣ ቤታቸው የነበረው መጽሐፍ በጭረት የተሞላ ነው። ስለዚህ በእሳቸው ገጾች ላይ ጭረቷ አለች፣ በሌሎቹ የለችም።

አሳታሚ የሚወስናት ትንሽ ነገር ስንት ዘመን እንደምትኖር ደግሞ ይህን ስሙ። በድሮ ስኮትስ «ዮኽ» የምትባል ፊደል ነበረች። አታሚዎች ከእርሳስ ብረት የተቀረጸች ዮኽ ስላልነበራቸው በመልክ የምትመስላትን የ«ዝ»ን ፊደል ተኩባት። በዚህ የተነሳ «መንዚስ» ተብሎ የተጻፈውን የቤተሰብ ስም ነባሩ ሰው ዛሬም «ሚንጊስ» ብሎ ነው የሚያነበው። የድሮው የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ፊደላችንን በቅጥያ ሲሠራው ያያችሁ ስሜቱ ይገባችኋል።

ያም ሆኖ አንድ ስሕተት አመለጠን። ኮምፒዩተሩ ራሱ የሚያርመውን ነገር አጥፍቼዋለሁ ብዬ ነበር፣ አንዱ ፋይል ላይ ግን አልጠፋም። «ዊዝ»፣ ማለትም «ነበር»፣ የነበረው ቃል ተለውጦ «ምኞት» የሚል የእንግሊዝኛ ቃል ሆኖ 11ኛው ገጽ ላይ ታተመ። ያገኙት ጋሼ ናቸው፣ ወረቀቱን ስናጥፍ። መጽሐፉ 36 ገጽ ነው፣ ማለትም ዘጠኝ የኤ4 ወረቀት ለሁለት ታጥፎ። ስለዚህ 11ኛው ገጽ ብቻውን አይታተምም፤ 12ኛው፣ 25ኛውና 26ኛው ከእሱ ጋር አንድ ወረቀት ላይ ናቸው። 120 ወረቀት እንደገና አሳተምን። አሁን የመጨረሻውን እርማት ጋሼ ጮክ ብለው ያነባሉ፣ እኔ በጣቴ እየተከተልኩ አያለሁ። ዓይን የሚዘለውን ጆሮ ይይዘዋል።

ስፌቱን በጣም ነው የምወደው። በሽቦ ማስያዝ ይቻል ነበር፣ ግን ሽቦ ይዝጋል፤ እዚህ አገር ደግሞ እርጥበት አይጠፋም። እናቴ ከአገር ስመጣ ሻንጣዬ ውስጥ የከተተችው ወስፌ ነበር፣ ሞሶብ ትሰፋበት የነበረ። እጀታው ከእጇ ብዛት ለስልሷል። ዘጠኙ ወረቀትና ሽፋኑ ታጥፈው መሃላቸው ይከፈታል፣ በወስፌው ሦስት ቀዳዳ፣ አንዱ መሃል፣ ሁለቱ ከላይና ከታች። ክሩ የተልባ እግር ነው፣ በንብ ሰም ይታሻል፣ ርዝመቱ የጥራዙ ቁመት ሦስት እጥፍ። መርፌዋ ከውስጥ በመሃሉ ቀዳዳ ትወጣለች፣ በላይኛው ትገባለች፣ መሃሉን ዘልላ በታችኛው ትወጣለች፣ በመሃሉ ትመለሳለች፣ ከዚያ ረጅሙን ክር መሃል አድርጎ ማሰር ነው። የመጀመሪያዎቹን ስሰፋ ክሩን ወደ ላይ እየጎተትኩ ወረቀቱን ቀደድኩት። ወደ ጎን፣ በዕጥፉ መስመር ልክ ነው መጎተት ያለበት። ይህን ለማወቅ ስድስት ቅጂ ከፍያለሁ።

ሌላው የወረቀቱ ቃጫ ነው። ወረቀት እንደ እንጨት ቃጫ አለው፣ በቃጫው አቅጣጫ ካጠፋችሁት ለስልሶ ይታጠፋል፣ ቃጫውን አቋርጣችሁ ካጠፋችሁት ወፍራም ሽፋን ይሰነጠቃል። የእኛ የመጀመሪያ ሽፋን ጀርባው ላይ ነጭ ስንጥቅ አወጣ። ገዝተን ስለነበር መስመሩን በማንኪያ ጀርባ አስቀድመን እየደፈጠጥን አዳንነው። ለሁለተኛው ግን ወረቀት ሻጩን የቃጫውን አቅጣጫ ጠይቀን ነው የገዛነው።

ሕጉና ፖስታው ቶሎ ያልቃል። አይኤስቢኤን፣ ማለትም የመጽሐፍ መለያ ቁጥር፣ ግዴታ አይደለም፣ ግን መጽሐፍ መደብር ከፈለጋችሁ ያስፈልጋችኋል፤ አንድ ከመግዛት አሥሩን አንድ ላይ መግዛት በጣም ይረክሳል። እንግሊዝ አገርና ስኮትላንድ የሚያሳትም ሰው በታተመ በአንድ ወር ውስጥ አንድ ቅጂ ለብሪቲሽ ላይብረሪ መላክ አለበት፤ የስኮትላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትን ጨምሮ ሌሎች አምስት ደግሞ ሲጠይቁ ይላክላቸዋል። የእኛን ጠየቁ። ጋሼ ፖስታውን ለእኔ አልሰጡኝም፣ ራሳቸው ተሸክመው ሄደው ላኩት። የፖስታ ዋጋን በተመለከተ፣ ከ100 ግራምና ከአምስት ሚሊሜትር ውፍረት ካላለፈ እንደ ተራ ደብዳቤ ነው የሚቆጠረው። የእኛ መድበል በፖስታው 80 ግራም አካባቢ ይመዝናል። የገጹን ብዛት የወሰነው በከፊል ይኸው ነው።

የመጀመሪያው ምረቃ ሰፈራችን ባለ አንድ አዳራሽ ነበር፣ 26 ሰው መጣ። ጋሼ መጨረሻ ላይ አነበቡ። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ድምፃቸው ግን ቀጥ ያለ ነው። አንዲት እናት ልጇን ይዛ መጥታ ነበር፣ ልጁ «እኔም እንደዚህ ነው የማወራው» ሲል ሁላችንም ሰማነው። ጋሼ ንባባቸውን አቁመው «አይ» አሉት። በእነሱ ቋንቋ።

ሦስተኛው መድበል 28 ገጽ ነው፣ ሰባት ወረቀት። ገጣሚዋ ከሼትላንድ ደሴት ናት፤ እዚያ «ትንሽ» «ፒሪ» ነው፣ ለቅርብ ሰው ደግሞ «ዱ» ይባላል፣ እንደ እኛ «አንተ» እና «እርስዎ» ለአክብሮት የሚለይ አነጋገር አላቸው። 14 ጥያቄ ልኬላታለሁ፣ ዘጠኙን መልሳለች። አምስቱ እስኪመጡ ጋሼ ክሩን በ63 ሳንቲም እየለኩ ይቆርጣሉ፣ እኔ ሰም አሻለሁ።