የሱሪው ባለቤት

ሰው ለጓደኛው ገንዘብ ያበድራል፣ ደም ይለግሳል፣ ሲታመም ያስታምማል። የእኔ ጓደኛ ሱሪውን አውልቆ ሰጥቶኛል። ያውም የመመረቂያ ፕሮጀክት ዲፌንስ ልንገባ በር ላይ ቆመን።

መጀመሪያ እንዴት እንደተዋወቅን ልንገራችሁ። መርጬው አይደለም። ስማችን በፊደል ተራ ተከታትሎ ስለሚመጣ አንድ ዶርም ጣሉን፤ እሱ የላይኛው አልጋ፣ እኔ የታችኛው። ማዲ ሲጋል የምትባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1974 ያሳተመችው ጥናት አለ። የሜሪላንድ ፖሊስ ሠልጣኞች መኝታና መቀመጫ የተደለደለላቸው በስም ፊደል ተራ ነበር። ኋላ ላይ ጓደኛችሁ ማነው ተብለው ሲጠየቁ አብዛኛውን ጊዜ የጠሩት በፊደል የሚቀርባቸውን ሰው ሆኖ ተገኘ። ሰውን ማጣራት ሥራው የሆነ ፖሊስ እንኳ ጓደኛውን ፊደል ከመረጠለት እኔ ምን ቤት ነኝ?

የካንሳስ ዩኒቨርሲቲው ጄፍሪ ሆል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ጥናት ጓደኝነትን በሰዓት ሰፍሮታል። ከትውውቅ ወደ ቀለል ያለ ወዳጅነት ለመሸጋገር 50 ሰዓት ገደማ፣ ጓደኛ ለመባል 90 ገደማ፣ የልብ ጓደኛ ለመሆን ከ200 ሰዓት በላይ አብሮ ማሳለፍ ያስፈልጋል ይላል። አብሮ መሥራት ብዙም አይቆጠርም አሉ፤ ዋናው ወሬውና ጨዋታው ነው። ማንኮራፋት ይቆጠር አይቆጠር ግን አላነበብኩም። ከተቆጠረ እኔና እሱ ገና በመጀመሪያው ሴሚስተር ወንድማማች ሆነን ነበር።

ልጁ ታማኝነቱን በአፉ አይናገርም። ላይብረሪ ቦታ ሲይዝልኝ ለምሳሌ፣ ደብተር አያስቀምጥም። የራሱን አንድ እግር ጫማ አውልቆ ወንበሩ ላይ ያስቀምጥልኛል። «ደብተር አንስተው ይቀመጡበታል፤ የሰው ጫማ ግን ማንም መንካት አይፈልግም» ይላል። እውነቱን ነው፣ ቦታዬን ነክቶት የሚያውቅ የለም። እሱ ግን እኔ እስክመጣ በአንድ እግሩ ካልሲ ሲያጠና ይቆያል። ልብስ ማውለቅ የጀመረልኝ ያኔ ነው ማለት ይቻላል።

ወደ ጉዳዩ ልምጣ። ፕሮጀክታችን የሁለት ሰው ነበር፤ ታንከር ሲሞላ ፓምፑን የሚያጠፋ፣ ሲጎድል የሚያስነሳ ሰርኪዩት። ለዲፌንሱ ሁለታችንም ነጭ ሸሚዝ፣ ክራቫትና ጥቁር ሱሪ ለብሰናል። የእኔ ሱሪ በልኬ የተሰፋ ስለሆነ ቀበቶ እንኳ አላስፈለገውም። የእሱ ከታላቅ ወንድሙ የተለመነ ነው። እሱ ራሱ ደልደል ያለ ልጅ ነው፤ ወንድሙ ደግሞ የእሱ እጥፍ።

ኮሪደሩ ላይ ተራ ስንጠብቅ የተቀመጥኩበት ወንበር ሚስማር ነበረው። አድቫይዘራችን ሲያልፉ ብድግ አልኩ። እኔ ተነሳሁ፤ ሚስማሩ የያዘው ጨርቅ ግን አልተነሳም። «ጨርርር» የሚለውን ድምፅ አድቫይዘራችንም ሰሙት መሰለኝ፣ ዞር አሉ። እኔ ተመልሼ ቁጭ አልኩና ፈገግ አልኩላቸው። እሳቸውም «በርቱ» ብለውን ሄዱ።

ጓደኛዬ ጎንበስ ብሎ ጉዳቱን መረመረ። ፊቱ ላይ ሳቅ የሚባል ነገር የለም። ሮጦ ሄዶ ከሆነ ቢሮ ስቴፕለር ተውሶ መጣና እዚያው ሰፋኝ። አንድ እርምጃ ስራመድ ስቴፕሎቹ ተራ በተራ እየተፈናጠሩ ወለሉ ላይ ተንጫጩ።

«ሽንት ቤት ግባ» አለኝ።

«ምን ልናደርግ?»

«ልንቀያየር ነዋ።»

«አንተስ?»

«መጀመሪያ የምታቀርበው አንተ ነህ፤ መሃል ላይ ነው የምትቆመው። እኔ ከአትሮንሱ ኋላ ነኝ፣ ማን ያየኛል?»

ክርክሩ ለሌላ ጊዜ ይቆይ ብዬ ተቀየርኩ። የወንድሙ ሱሪ እኔ ላይ ምን እንደመሰለ አልነግራችሁም፤ ቀበቶው በመጨረሻው ቀዳዳ ተቆልፎም በመሃላችን ሌላ ሰው የሚያስገባ ቦታ ነበር። የእኔ ሱሪ እሱ ላይ ሲገባ ደግሞ ቅዳዱ በእጥፍ ሰፋ። ሸሚዙን አውጥቶ ሊሸፍነው ሞከረ፤ አጭር ነው። ውስጥ የለበሰው ደግሞ ቀይ። ከጥቁር ሱሪ ውስጥ ቀይ እንዴት እንደሚደምቅ የገባኝ የዚያን ቀን ነው።

ገባን። ፈታኞቹ ሦስት ናቸው፤ ሰብሳቢው ሸምገል ያሉ፣ ኮስታራ። እኔ በቀኝ እጄ ከኪሴ ውስጥ ሱሪውን ጨብጬ፣ በግራ እጄ ስላይድ እየቀየርኩ ጀመርኩ። መግቢያውን ሳልጨርስ ሰብሳቢው አቋረጡኝ።

«ልጄ፣ እጅህን ከኪስህ አውጣ እንጂ።»

እጄ ከወጣ ሌላም የሚወርድ ነገር አለ። አፌ ደረቀ። ከግድግዳው በኩል የጓደኛዬ ድምፅ መጣ፦ «ይቅርታ መምህር፣ እጁን ትናንት ተጎድቶ ነው።»

ኮስታራው ፊት ወዲያው ራራ። «አይዞህ! ታዲያ ለምን አላሰርከውም? በል እንዳታንቀሳቅሰው!» ይህን ምክራቸውን በሙሉ ልቤ ተቀበልኩ።

የእሱ ተራ ደረሰ። ጀርባውን በግድግዳው እየጠረገ እስከ አትሮንሱ ተጓዘ፤ የግድግዳው ኖራ ሸሚዙ ላይ ተገለበጠ። ማብራራት ጀመረ፣ ሸጋ አድርጎ። ከዚያ አንደኛዋ ፈታኝ «እስቲ አሠራሩን ሰሌዳው ላይ ሣለው» አሉት። ሰሌዳው ያለው ከኋላው ነው።

ለመሣል ደግሞ መዞር ያስፈልጋል። ጓደኛዬ አልዞረም። ዓይኑን ከፈታኞቹ ሳይነቅል እጁን በትከሻው ላይ ወደ ኋላ አሳልፎ፣ ታንከሩን፣ ፓምፑን፣ ሴንሰሩን ሣለ። ፈታኞቹ እርስ በርስ ተያዩ። በቃሉ የያዘው መሰላቸው መሰለኝ፣ አንደኛው ጭንቅላታቸውን በአድናቆት ነቀነቁ።

ይሄኔ ማርከሩ ከእጁ አምልጦ ወደቀ። ተንከባልሎ በእኔና በእሱ መካከል ቆመ።

ጎንበስ ካልኩ ሱሪው ይቀድመኛል። እሱ ጎንበስ ካለ ሰሌዳው ይቅርና ግቢው በሙሉ ቀይ ያያል። ሁለታችንም ማርከሩን እናየዋለን፤ እሱም ያየናል። እንዲህ ያለ ዝምታ ገጥሞኝ አያውቅም። በመጨረሻ ሰብሳቢው፣ እኚያ ሽማግሌ፣ ወንበራቸውን ገፋ አድርገው ተነሱ፣ ጉልበታቸውን ይዘው ጎንበስ አሉና ማርከሩን አንስተው ሰጡት። ሁለት ጎረምሳ ቆሞ እያየ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወድጄ እገባ ነበር፤ በዚያ ሱሪ መሰንጠቂያው ሰፋ ያለ መሆን ነበረበት እንጂ።

አለፍን። ሰብሳቢው አስተያየት ሲሰጡ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ይሄ ልጅ ለታዳሚ ጀርባውን አይሰጥም። አቀራረብ ማለት ይሄ ነው።» እኔ ሳቄን ለመያዝ ሁለተኛ እጅ ያስፈልገኝ ነበር። «እንኳን ደስ አላችሁ» ብለው ቀኛቸውን ሲዘረጉልኝ ግራዬን ሰጠሁ፤ «እግዚአብሔር ይማርህ» አሉኝ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ደግ ነበር። ጓደኛዬ እስከ መጨረሻው ጀርባውን ላለመስጠት እጅ እየነሳ፣ እጅ እየነሳ፣ የኋሊት ወደ በሩ ተራመደ። በሩን በተረከዙ ከፈተው። ከበሩ ማዶ ደግሞ ተራ የሚጠብቀው ባች በሙሉ ኮሪደሩን ሞልቶት ተደርድሯል። ልጁ ለፈታኞቹ የመጨረሻውን፣ ዝቅ ያለውን እጅ መንሳት ያደረገው ደፉ ላይ ነው።

ቶማስ ጊሎቪችና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን የሚያሳፍር ቲሸርት (የዘፋኙ ባሪ ማኒሎ ምስል ያለበት) አልብሰው ሰው ወዳለበት ክፍል አስገቧቸው። ለባሾቹ ግማሽ ያህሉ ሰው አይቶናል ብለው ገመቱ፤ በትክክል ያስተዋለው ግን ሩብ ያህሉ ብቻ ነበር። የምናፍረውን ያህል ሰው አያየንም ነው ነገሩ። ጥናቱን አከብራለሁ። ኮሪደራችን ላይ ግን ያላየ አልነበረም፤ ያላየውም ሲነገረው አይቻለሁ አለ።

ማታውን «መስኮት» የሚል ስም ወጣለት። እስክንመረቅ ድረስ መስኮት ነበር። ካፌ ሲገባ «መስኮቱን ዝጉት፣ ብርድ ገባ» ይሉታል፤ «ቀይ መጋረጃው ታጠበ ወይ?» ይሉታል። እሱ አብሮ ይስቃል። የተቀደደው ሱሪ የእኔ መሆኑን አንድ ቀን፣ ለአንድ ሰው ትንፍሽ አላለም። አንድ ሁለቴ ልናገር አፌን ስከፍት እግሬን በጠረጴዛው ሥር ረገጠኝ። ዶርም ገብተን ለምን ብለው «ተወው ባክህ፣ ለአንድ ዶርም ሁለት መስኮት ምን ያደርጋል?» ብሎኝ ወደ ላይኛው አልጋ ወጣ። ወዲያው ማንኮራፋት ጀመረ።

ይህን ሁሉ ዓመት ብዙ ጓደኛ አፍርቻለሁ፤ የሥራ፣ የሰፈር፣ የስልክ። አብዛኞቹ ጥሩ ሰዎች ናቸው። የእኔን ቅዳድ ለብሶ፣ የእኔን ስም ተሸክሞ፣ የእኔ ነው ሳይል የሚመረቅ ግን ሌላ አላገኘሁም። ስለዚህ የያኔው ባች ይስማ፦ ሱሪው የእኔ ነበር። ቀዩ ብቻ ነው የእሱ።

ይህን ልጽፍ ነው ብዬ ደውዬ ነገርኩት። እንዳትጽፍ ይለኛል ብዬ ነበር፤ ትንሽ አሰበና «እሺ፣ ግን ሥዕሉ ትክክል እንደነበር ጻፍልኝ፣ ሳላይ ነው የሣልኩት» አለኝ። እሺ ወንድሜ፣ ጽፌልሃለሁ፤ ሥዕሉ ትክክል ነበር። ቀስቱ ብቻ ተገልብጦ ፓምፑ ውሃውን ከታንከሩ ወደ ጉድጓዱ ይመልሰው ነበር።