የረጋ ደም ተብሎ የመጣው ናሙና

ክረምቱ አዌቱን ከዳር እስከ ዳር በሞላበት ሰሞን ነው። በጅማ አንድ ሆስፒታል የፓቶሎጂ፣ ማለትም ከሰውነት የወጣ ናሙና በማይክሮስኮፕ የሚመረመርበት፣ ላቦራቶሪ ውስጥ እሠራ ነበር። ከቀዶ ሕክምና ክፍል አንዲት ጠርሙስ መጣች፤ መጠየቂያ ወረቀቱ «ከአንጎል የወጣ የረጋ ደም» ይላል። ታካሚው ከጎማ ወረዳ የመጡ የቡና ገበሬ ናቸው። ራሳቸውን አሟቸው ሰንብቶ አንቀጥቅጧቸው ወደቁ፤ ሲቲ ስካኑም ደም አሳየ። የረጋ ደም እኛ ዘንድ ተራ የሚጠብቅ ናሙና ነው፤ ማንም አይቸኩልለትም።

ስላይዱ ሲደርስ ቡናማ ቅንጣት ሞልቶታል። የፈሰሰ ደም ሲያረጅ ሄሞሲደሪን የሚባል ብረት ያዘለ ቡናማ ቅሪት ስለሚተው ነገሩ ከወረቀቱ ጋር ይስማማል። የክፍላችን ፓቶሎጂስት፣ ዶክተሯ፣ ግን መስማማት ብቻ የሚበቃቸው ሰው አይደሉም። «የብረቱን ቀለም ሥራልኝ» አሉኝ። በፐርልስ ቀለም የሄሞሲደሪን ብረት ሰማያዊ ይሆናል። እዚህም እዚያም ሰማያዊ ታየ፤ አብዛኛው ግን ቡናማነቱን አልለቀቀም። ሌላ ስላይድ በፖታሲየም ፐርማንጋኔት፣ ከዚያም በኦክሳሊክ አሲድ አለፈ። ሜላኒን፣ ቆዳን የሚያጠቁረው ቀለም፣ በዚህ ይነጣል። ቡናማው ሲገፈፍ ኒውክለሳቸው የገዘፈ፣ በውስጡም ኒውክሊዮለሳቸው አፍጥጦ የወጣ ሕዋሳት ብቅ አሉ፤ የካንሰር መልክ ነው።

ዶክተሯ ስልክ አንስተው የቀዶ ሐኪሙን «ውስጥ እግራቸውን ያየ አለ?» አሉት። ስለ አንጎል እየተነጋገሩ እግር መጠየቁ ሳይገርመው አልቀረም። ሄዶ አየ። ግራ ተረከዛቸው ላይ ጠርዙ የተዛነፈ ጥቁር ቁስል አለ፤ እሳቸው ግን «እሾህ የወጋኝ ነው» ብለው ትተውታል። በእኛ አገር ሰው ላይ ሜላኖማ፣ ሜላኒን ከሚሠሩ ሕዋሳት የሚነሣው ካንሰር፣ ሲወጣ ብዙውን ጊዜ በውስጥ እግር፣ በመዳፍ ወይም በጥፍር ሥር ነው፤ ከፀሐይ ጋርም እምብዛም አይገናኝም። ከተረከዙ የተወሰደው ናሙና ያንኑ ሕዋስ አሳየ። በሽተኛው ወደ ካንሰር ሕክምና ተላኩ።

ከተረከዝ አንጎል ድረስ እንዴት ይዘልቃል? ብዬ ስጠይቃቸው ዶክተሯ ቡናቸው እስኪቀዘቅዝ አስረዱኝ። ሜላኖሳይት፣ ማለትም ሜላኒን የሚሠራው ሕዋስ፣ ቆዳ ውስጥ ከጎረቤቶቹ ጋር የሚያያዘው ኢ-ካድሄሪን በሚባል ፕሮቲን ነው። ካንሰር የሆነው ሕዋስ ይህን ቀንሶ ኤን-ካድሄሪን የሚባለውን ሌላ ፕሮቲን ያበዛል፤ ያኔ ማሰሪያው ይላላና ወደ ሊምፍ ወይም ወደ ደም ይገባል። ከገቡት አብዛኞቹ መንገድ ላይ ይሞታሉ። የተረፉት ቀጫጭን የደም ሥሮች በሚከፋፈሉበት ቅርንጫፍ ላይ ይቀረቀራሉ። የአንጎል ደም ሥር ደግሞ ግድግዳው ጥብቅ ነው፤ የግድግዳው ሕዋሳት ክፍተት ሳይተዉ ተጋጥመዋል፣ ከውጭ ፔሪሳይት የተባሉ ሕዋሳትና አስትሮሳይት የተባሉ የአንጎል ደጋፊ ሕዋሳት ጫፎች ከበዋቸዋል። ይህን ሰርጎ ማለፍ ቀናት ይፈጃል።

ማለፍ ብቻም አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት የካንሰር ሕዋሳትን በሕያው አይጥ አንጎል ውስጥ ቀን በቀን ተከታትሎ ነበር። ወጥተው ከደም ሥሩ የራቁት ጠፉ፤ የደም ሥሩን የውጭ ግድግዳ ሙጭጭ ያሉት ቀሩ። ሜላኖማው አዲስ ደም ሥር እስኪሠራለት አይጠብቅም፤ ያለውን ተጠምጥሞ ያድጋል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ሌላ ሥራ ደግሞ የባሰውን አሳየ። የሜላኖማ ሕዋሳት አሚሎይድ ቤታ የሚባል ፕሮቲን ያመነጫሉ፤ በአልዛይመር ስሙ የሚነሣው ያው ነው። እሱም አስትሮሳይቶችን ወደ ካንሰሩ ወገን ያዞራል፣ ማይክሮግሊያ የተባሉት የአንጎል ጠባቂዎች ካንሰሩን እንዳይውጡት ይከላከላል። እኔን ከሁሉ ይልቅ ያስገረመኝ ግን የዘር ሐረጉ ነው፦ ሜላኖሳይት በፅንስ ጊዜ የሚነሣው ከነርቭ ሸንተረር ነው፤ ይህም አንጎል ከሚሠራበት የነርቭ ቱቦ ጫፍ ላይ የሚወጣ የሕዋሳት ቡድን ነው። ወደ ዘመዶቹ አገር መሄዱ ነው እንግዲህ።

ደሙስ? እሱም ውሸት አልነበረም። ወደ አንጎል የተዛመተ ሜላኖማ ሲበዛ ይደማል፤ እዚህም እዚያም ያየነው ሰማያዊ ይኸው ነው። ወረቀቱን የጻፈው ሐኪም ያየውን ነው የጻፈው።

ከዚያ ወዲህ የአንጎል ናሙና መጠየቂያ ላይ «ቆዳ፣ ውስጥ እግር፣ ጥፍር» የሚል መስመር በእጅ ይጨመራል። አንዳንድ ተለማማጅ ሐኪም ሳያይ «ደህና» ብሎ ይሞላዋል። ዶክተሯ ይደውሉለትና በለሰለሰ ድምፅ «የታካሚው ካልሲ ምን ዓይነት ቀለም ነበረው?» ይሉታል።