እትዬ ፀሐይን ፍለጋ

ድረ ገጽ የሚሠራበትን የፕሮግራም ቋንቋ ፒኤችፒን እና ዳታቤዝ የሚባለውን የመረጃ ማከማቻ ማይኤስኪውኤልን መማር ከጀመርኩ ስምንት ወር ሆነኝ። በቪዲዮ ስከታተል ቀላል ነበር። ፎርም ትሠራለህ፣ የተሞላው ሰርቨሩ (መረጃውን የሚቀበለው ኮምፒውተር) ጋ ይደርሳል፣ ሰንጠረዥ ውስጥ ይገባል፣ ስትፈልገው ይወጣል። የከበደኝ የሰፈራችንን እድር የአባላት መዝገብ ኮምፒውተር ላይ ላስገባ ስነሳ ነው።

መጀመሪያ የመዘገብኳቸው ስሞች ተመልሰው ሲወጡ ???? ሆኑ። ሰንጠረዡ ላቲን1 በሚባለው የፊደል ስብስብ ነበር የተፈጠረው፤ እሱ ደግሞ የእኛን ፊደል አይዝም። የእኛንም ወደሚይዘው ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ቀየርኩት። የገባው ግን አልተመለሰም፤ የተቀመጠው ራሱ ጥያቄ ምልክቱ ነው። 60 ስም እንደገና ተየብኩ።

ቀኑም አስቸገረኝ። ጥቅምት 30ን 02-30 ብዬ ባስገባው 0000-00-00 ሆኖ ቁጭ አለ። የፈረንጆቹ ሁለተኛ ወር 30 ቀን የለውማ! አሁን በእነሱ አቆጣጠር አስቀምጬ፣ ለሰው ሲታይ ወደ እኛ እመልሰዋለሁ።

ልቤን የወሰደው ግን ፍለጋው ነው። የእድሩ ጸሐፊ ጋሼ ከጎኔ ተቀምጠው «ጸሀይ» ብለው ጻፉ። ምንም የለም።

«ልጄ፣ እትዬ ፀሐይን እንዴት አያውቃትም? ከመሥራቾቹ ናት እኮ!»

ለእኛ ጸሀይም ፀሐይም አንድ ነው። ለዳታቤዙ ግን ፀ እና ጸ፣ ሐ እና ሀ የማይተዋወቁ ፊደሎች ናቸው። መዝገቡን «ሁሉንም በአንድ ፊደል እናድርገው» ያለኝ ጓደኛ ነበር። እምቢ አልኩ። ሰው ስሙን የሚጽፍበት ፊደል የራሱ ነው።

ስለዚህ ከስም፣ ከአባት ስምና ከአያት ስም ሌላ አራተኛ ዓምድ ጨመርኩ፤ ለፍለጋ ብቻ፣ ማንም የማያየው። ሐን እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ፀን ወደ ጸ፣ ዐን ወደ አ የሚመልስ ፈንክሽን (ትንሽ የፕሮግራም ቁራጭ) ጻፍኩ። አምስቱ ከነሰባት ሰባት ድምፃቸው 35 ፊደል፣ ሃ እና ኣ ሲጨመሩ 37። ስም ሲመዘገብም ሲፈለግም በዚያው ያልፋል።

ጋሼ እንደገና «ጸሀይ» አሉ። እትዬ ፀሐይ ወጡ። ሁለት ጊዜ! ከአሮጌው መዝገብ «ፀሐይ»፣ ከአዲሱ «ጸሃይ» ተብለው፣ በዚያው በአባታቸውና በአያታቸው ስም። ወርሃዊ መዋጮአቸው ለሁለት ተከፍሎ፣ የአራት ወር ዕዳ ያለባቸው ይመስሉ ነበር። አንድ ላይ ደመርነው። አንድም ወር አላጓደሉም።