ዲፌንስ አልፎም ቴሲስ አያልቅም

ቴሲሴን፣ ማለትም የመመረቂያ ጽሑፌን፣ ፈታኞች ፊት ቀርቤ ዲፌንስ ያደረግኩ ቀን ማታ ላፕቶፔን ዘግቼ ተገላገልኩ ብዬ ተኛሁ። በነጋታው የፈታኞቹ አስተያየት መጣ፤ ሁለት ገጽ ሙሉ እርማት! ማለፉን አልፌያለሁ፣ ግን በእርማት። ውጤቱ የሚመዘገበው እርማቱ ተሠርቶ፣ አማካሪዬ አይቶ ፈርሞበት፣ የመጨረሻው ቅጂ ከገባ በኋላ ነው። ይህን ቀድሞ የነገረኝ የለም። ኧረ ውሸቴን ነው፣ መመሪያው ላይ በግልጽ ተጽፏል፤ ያላነበብኩት እኔ ነኝ።

ስለዚህ ርዕስ ከመምረጣችሁ በፊት የትምህርት ክፍላችሁን የመመረቂያ ጽሑፍ መመሪያ ፈልጋችሁ ከዳር እስከ ዳር አንብቡት። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ሰውን የሚያዘገየው መጻፉ ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ያለው ጣጣ ነው።

ከሁሉ የከፋው የሥነ ምግባር ፈቃድ ነው። ጥናታችሁ ሰውን የሚነካ ከሆነ፣ መጠይቅ የምትበትኑ፣ ቃለ መጠይቅ የምታደርጉ ወይም የታካሚ መዝገብ የምታገላብጡ ከሆነ፣ ፈቃዱ መገኘት ያለበት መረጃ መሰብሰብ ሳትጀምሩ ነው። ኋላ አሟላለሁ ብሎ ነገር የለም። አንድ ጓደኛዬ «ፕሮፖዛሌ ጸድቋል አይደል እንዴ?» ብሎ መጠይቁን በተነው። የፕሮፖዛል መጽደቅና የሥነ ምግባር ፈቃድ ግን ለየቅል ናቸው። የሰበሰበውን ሁሉ ጥሎ እንደ አዲስ ጀመረ። እንዴት እንደሚያንገበግብ አስቡት።

ጽሑፍን ከሌሎች ጽሑፎች ጋር የሚያመሳክረውን ተርኒቲን የተባለ ሶፍትዌር ሰው ከልክ በላይ ይፈራዋል። የሚለካው መመሳሰልን እንጂ ስርቆትን አይደለም፤ በትምህርተ ጥቅስ ያስገባችሁትንም፣ የዋቢ ዝርዝራችሁንም ሊቆጥር ይችላል (እነዚህን የሚያስቀር ማጣሪያ አለው)። የሚፈቀደው መቶኛ እንደየዩኒቨርሲቲው ነው። ይልቅ ብዙ ሰው የማያስበው ራስን መቅዳት ነው፤ ለሌላ ኮርስ ያስገባችሁትን የራሳችሁን ወረቀት ሳትጠቅሱ ብትደግሙት እሱም እንደ ጥፋት ይቆጠራል።

ዋቢ በእጅ አትልቀሙ። ዞቴሮ የሚባለው የዋቢ ማደራጃ ሶፍትዌር በነፃ ይሠራላችኋል። ኤፒኤ የሚባለውን የዋቢ አጻጻፍ ስልት ተጠቀሙ ከተባላችሁ ስንተኛው እትም እንደሆነ ጠይቁ፤ 7ኛው የወጣው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው፣ በ6ኛው የተሠሩ ናሙናዎች ግን ዛሬም ኢንተርኔት ላይ ሞልተዋል።

እርማቱን ስትሠሩ ሠንጠረዥ አዘጋጁ፦ ፈታኙ ያለው፣ እናንተ ያስተካከላችሁት፣ ገጹ። አማካሪያችሁ ሙሉውን ጽሑፍ እንደገና ከማንበብ ይድናል፣ እናንተም ቶሎ ታስፈርማላችሁ።

ከማሳተማችሁ በፊት ደግሞ የግራውን ህዳግ ሰፋ አድርጉት፣ ጥራዝ ይበላዋል። እኔ አራቱንም ጎን እኩል አድርጌ አሳተምኩና ሲጠረዝ የመስመሮቹ መጀመሪያ ስፌቱ ውስጥ ገባ። እንደገና ህትመት፣ እንደገና ጥረዛ፣ እንደገና ወጪ።

እና የሚፈርሙላችሁ ሰዎች እረፍት የሚወጡበትን ቀን ከአሁኑ ጠይቁ። የኔ ጽሑፍ ተጠርዞ ጠረጴዛዬ ላይ ቁጭ ብሎ አንድ ፊርማ 11 ቀን ጠብቋል።