ሴሪየም አራተኛውን ኤሌክትሮን ሲሰጥ

ብርቅዬ የምድር ብረቶች የሚባሉት ንጥረ ነገሮች በኬሚካዊ ጠባያቸው እጅግ ስለሚመሳሰሉ፣ አንዱን ከሌላው ለይቶ ማውጣት ለ19ኛው ክፍለ ዘመን ኬሚስቶች ከባድ ፈተና ነበር። አብዛኞቹ በአጸግብሮት ጊዜ 3 ኤሌክትሮን ሰጥተው ያበቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1803 በርዜሊየስና ሂሲንገር በስዊድን፣ ክላፕሮት ደግሞ በጀርመን ያገኙት ሴሪየም ግን አራተኛውንም ይሰጣል፤ ይህን ሲያደርግ የኤሌክትሮን አደረጃጀቱ ከሌሎች ጋር በቀላሉ ከማይዋሃደው፣ ከተረጋጋው ጋዝ ከዜኖን ጋር ይመሳሰላልና። ይህን ብረት ከወገኖቹ ሁሉ አስበልጬ የምወደው በዚህ ጠባዩ ነው።

አዲስ የተቆረጠ ሴሪየም እንደ ብር ያብረቀርቃል፤ አየር ሲያገኘው ግን ይደበዝዛል። የአሉሚኒየም ኦክሳይድ በብረቱ ላይ ተጣብቆ የሚከላከል ሲሆን፣ የሴሪየም ግን እየተፈረፈረ ስለሚረግፍ ከሥሩ ያለው ብረት ለኦክስጅን እየተጋለጠ ይበላል። እስከ 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሞቅም ይቀጣጠላል። ኦስትሪያዊው ካርል አውየር ፎን ቬልስባኽ እ.ኤ.አ. በ1903 የፈለሰፈው የላይተር ድንጋይ የሚሠራው በዚሁ ነው፤ ከሴሪየምና ከብረት (Fe) ቅይጥ ተፍቀው የሚወጡት ቅንጣቶች በሰበቃ ሙቀት አየር ላይ ይነዳሉ። ሴሪየም ከውሃ ጋር ሲገናኝ፣ በተለይም ውሃው ሙቅ ከሆነ፣ ሃይድሮጅን ስለሚያወጣ፣ የሴሪየምን እሳት በውሃ ለማጥፋት መሞከር እጅግ አደገኛ ነው።

በቀጭን ሰልፈሪክ አሲድ ሲሟሟ 3 ኤሌክትሮን ያጣ፣ ቀለም የሌለው አዮን ይሆናል። አራተኛውን ያጣው አዮን ግን ከቢጫ እስከ ብርቱካናማ ቀለም ያለውና ኤሌክትሮን ከሌሎች የመንጠቅ ኃይሉ የበረታ ስለሆነ፣ በሙሙት ውስጥ ያለውን የብረት (Fe) አዮን መጠን በቲትሬሽን፣ ማለትም ይዘቱ የታወቀ ሙሙት አጸግብሮቱ እስኪያበቃ ቀስ በቀስ በመጨመር፣ ለመለካት ያገለግላል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ይኸው አራተኛውን ኤሌክትሮን የመስጠትና መልሶ የመውሰድ ምልልስ በመኪና የጭስ ማውጫ ውስጥ በጠጣር ኦክሳይድ ላይ መፈጸሙ ነው። በጭሱ ውስጥ ኦክስጅን ሲያንስ ሴሪየም ኦክሳይድ ከራሱ ኦክስጅን ለካርቦን ሞኖክሳይድ ሰጥቶ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጠዋል፤ ሲበዛ ደግሞ የሰጠውን መልሶ ይወስዳል። ብቻውን ሲሆን በከፍተኛ ሙቀት ቅንጣቶቹ እየተጣበቁ ለአጸግብሮት የተጋለጠው ገጽ ስለሚቀንስ፣ ከዚርኮኒየም ኦክሳይድ ጋር ተዋህዶ ይሠራል።