ባቄላውን ያሰጠመው ሰርተፊኬት

ሰርተፊኬቱ እማዬ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። በአንድ በኩል የወንድሜ የምረቃ ፎቶ፣ በሌላ በኩል የማርያም ሥዕል አለ። የሰቀለችው እሷ ናት። እኔ ብሆን ፌስታል ውስጥ እንዳለ እተወው ነበር፤ በተለይ ነሐሴ ላይ ከሆነው ነገር በኋላ።

መጀመሪያ ያየችው ቀን «እስቲ ምን እንደሚል አንብቢልኝ» አለችኝ። እንግሊዝኛውን እየፈታሁ ነገርኳት። የፐርማካልቸር ዲዛይን ኮርስ፣ 72 ሰዓት ተከታትላ ያጠናቀቀች። ትንሽ አሰበች።

«72 ሰዓት ስንት ቀን ነው?»

«ሦስት» አልኩ። የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ አፌ ይቀድማል።

«ታዲያ ሁለት ሳምንት የት ከርመሽ መጣሽ?»

72ቱ ሰዓት የትምህርት ሰዓት ነው። እኛ በቀን ስድስት ስድስት ሰዓት አድርገን በ12 ቀን ጨረስነው። የመንገዱና የእረፍቱ ቀን ሲጨመር ሁለት ሳምንት ሞላ። በየትኛውም አገር ብትማሩት ሰዓቱ ያው 72 ነው። ቢል ሞሊሰን የሚባል አውስትራሊያዊ በ1988 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ዳጎስ ያለ መጽሐፍ አለ፤ ትምህርቱ የእሱን 14 ምዕራፎች ይከተላል። ሐሳቡን የጀመሩት ሞሊሰንና ዴቪድ ሆልምግሬን በ1970ዎቹ ታዝማኒያ ደሴት ላይ ነው። ያኔ ሞሊሰን አስተማሪ፣ ሆልምግሬን ደግሞ ገና ተማሪ ነበር። ፐርማካልቸር የሚለው ቃል «ቋሚ» እና «ግብርና» ከሚሉ የእንግሊዝኛ ቃላት የተገጣጠመ ነው። ደን ማንም ሳያርሰውና ማዳበሪያ ሳይገዛለት ራሱን ያኖራል። እርሻንና መኖሪያ ግቢን እንደዚያ አድርጎ መንደፍ ይቻላል ወይ ነው ጥያቄው።

ሰርተፊኬቱ የመንግሥት የሙያ ፈቃድ አይደለም። በዚህ ወረቀት ቢሮ ሄዳችሁ ሥራ አታገኙም። ይሄን ቀድሜ የምነግራችሁ ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ ነው።

የሄድኩት ሐምሌ ላይ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ነው። ቦታው ከሐዋሳ ወዲያ ያለ አንድ እርሻ ነበር። የሁለት ወር ደሞዜ ጠፍቷል። እርሻው ውስጥ የሌለ ነገር የለም። ሙዝ፣ እንሰት፣ አቮካዶ፣ ፓፓያ፣ ሥሩ ስኳር ድንች፣ ላዩ ላይ ቡና። አንዱ ለአንዱ ጥላ ይሆናል፣ ቅጠሉ ይረግፋል፣ አፈሩ እንደ ቡና አተላ ጠቁሮ ይፍረከረካል። ቀናሁ። የኛ ቤት ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ቀይት አካባቢ ነው፤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ። ጥቅምት ላይ ጠዋት ስትወጡ ሣሩ ነጭ ነው። እዚያ ሙዝ ብትተክሉ ጎረቤት ሐኪም ይጠራላችኋል።

አንድ ያልወደድኩት ነገር ቢኖር የጠዋቱ ክብ ነው። ክብ ሠርተን እንቆምና አንድ በአንድ «ዛሬ ምን ይሰማሻል?» እንባላለን። የሸዋ ሰው እንዲህ ሲባል መልሱ አንድ ነው፤ «እግዚአብሔር ይመስገን»። 12 ቀን ሙሉ እሱን አልኩ።

ትምህርቱን ግን ወድጄዋለሁ። ለምሳሌ ዞን የሚሉት ነገር። ዞን ዜሮ ቤቱ ነው። ዞን አንድ በቀን ሁለት ሦስቴ የምትረግጡት ቦታ ነው፤ ጎመኑ፣ ጤና አዳሙ፣ ነጭ ሽንኩርቱ እዚያ ይሁን ይላሉ። እያለ እያለ እስከ ዞን አምስት ይሄዳል፤ እሱ ሰው የማይነካው ዱር ነው። እዚህ ጋ እጄን አወጣሁ። ጓሳ ትዝ ብሎኝ ነው። የመንዝ ሰው ቄሮ በሚባለው ሥርዓት የጓሳን ሣር ለዓመታት ዘግቶ ያቆየዋል፤ አባ ቄራው ሲፈቅድ ብቻ ለቤት ክዳንና ለገመድ ይታጨዳል። ሥርዓቱ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የመጣ ነው ይባላል። በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ፈረሰ፣ በኋላ ሕዝቡ ራሱ በሌላ መልክ መለሰው። አሠልጣኙ ደስ ብሎት «ጓሳ» ብሎ ሰሌዳው ላይ ጻፈ። ከዚያ ዞን አምስት ነው ወይስ ዞን አራት በሚል ግማሽ ሰዓት ተከራከርን። ሣር ስለሚታጨድበት አራት ነው ተብሎ ተወሰነ። ጭላዳዎቹንና ቀይ ቀበሮውን የጠየቃቸው የለም።

የአያቴን ነገር ሳነሳ ግን ክፍሉ ጸጥ አለ። አያቴ ጓይ ያቃጥል ነበር። ውሃ የሚተኛበትን መሬት ያርስና ጓሉን ይከምረዋል፤ ከውስጥ እበት ጨምሮ እሳት ይለኩስበታል። አፈሩ ለቀናት ይጨሳል። ከዚያ የሚዘራው ገብስ ጉድ ያሰኛል፤ አንድ ሁለት ዓመት። ቀጥሎ መሬቱ ይደክማል፣ ለረጅም ዘመን ጦም ያድራል። ከኋላዬ የተቀመጠች ልጅ «አፈር ማቃጠል? ኧረ!» አለች። በአያቴ በኩል ቆሜ ስከራከር ራሴን አገኘሁት። ለአፈር ጥሩ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ፍግ ሆኖ የሚኖረውን ሁሉ እሳቱ ይበላዋል። ግን ሰውየው ሞኝ አልነበረም። መረሬ የሚባለው ጥቁር ጭቃ አፈር ውሃ ይዞ አልለቅ ሲለው የሚያስለቅቅበት መላ ነበር። ያን ቀን ያልኩትን ራሴ ሰምቼው ቢሆን ኖሮ ቀጥሎ የምነግራችሁ ባልደረሰ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ኤ ፍሬም ሠራን። ሁለት ሁለት ሜትር የሚሆኑ ሁለት እንጨቶች፣ መሐላቸው አንድ አግዳሚ፣ ከጫፉ በሲባጎ የተንጠለጠለ ድንጋይ። «ለ» ፊደልን ወገቧ ላይ እንጨት አጋድሙባት፤ እሷ ናት። ሲባጎው የአግዳሚውን መሐል ሲነካ ሁለቱ እግሮች እኩል ከፍታ ላይ ቆመዋል ማለት ነው። አንዱን እግር ተክሎ ሌላውን እያዞሩ፣ ችካል እየመቱ ሲሄዱ ዳገቱን የሚዞረው እኩል መስመር ይወጣል። በዚያ መስመር ላይ ቦይ ይቆፈራል። ቦዩ ውሃ አያፈስም፣ ያቆማል። ውሃው ቀስ ብሎ ወደ መሬት ይሰርጋል፤ ከታች ያለው ዛፍ በጋውን ከዚያ ይጠጣል። እንዲህ ያለ ቀላልና የሚያምር ነገር አይቼ አላውቅም።

ቤት የደረስኩት በነሐሴ መጀመሪያ ነው። ዝናቡ አናቱ ላይ ነበር። ሁለት ጥማድ መሬት አለን፤ ግማሽ ሄክታር ገደማ። ከቤቱ በላይ ቀይና ድንጋያማ ነው፣ ከታች መረሬ። መረሬው ላይ ባቄላ ነበር፤ አበባው ነጭና ጥቁር ሆኖ ሽታው ደጅ ድረስ ይመጣል። ወንድሜ እንደ ወጉ በማረሻ ሰያፍ ፈሰስ፣ ማለትም የውሃ መውጫ፣ አውጥቶለታል።

እኔ ኤ ፍሬሜን ሠርቼ ወጣሁ። በማሳው ግርጌ 20 ሜትር ርዝመት፣ ግማሽ ሜትር ስፋት፣ 40 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ ለመቆፈር ሁለት ቀን ፈጀብን፤ እኔና ሁለት የጎረቤት ልጆች። አፈሩን በታች በኩል ከመርን። አራት ሺህ ሊትር ይይዛል። ልጆቹን ራሱ አስላኋቸው። እማዬ በር ላይ ቆማ ታየናለች። ዝም አለች። ዝምታዋን እንደ ፈቃድ ቆጠርኩት።

በመጀመሪያው ሌሊት ሞላ። ፎቶ አንስቼ አብረውኝ ለተማሩት ላክሁ፤ ሁሉም አጨበጨቡ። በሦስተኛው ቀን እንደሞላ ነው። በአምስተኛውም። ዝናቡ አይቆምም፣ ፈሰሶቹ ሁሉ ወደ እኔ ቦይ ይገባሉ፣ ከታች በኩል ደግሞ የከመርኩት አፈር መውጫ ዘግቷል። ውሃው ወደ ኋላ ተመልሶ ባቄላው እግር ሥር ተኛ። በሳምንቱ የታችኛው አምስት ስድስት መደዳ ቢጫ ሆነ። አንዱን ነቀልኩት። ሥሩ ጠቁሮ በስብሷል።

እማዬ መጣችና ከእጄ ላይ ወስዳ አየችው።

«ልጄ፣ ውሃውን ካሰርሽው ባቄላው የት ይሂድ?»

«ታዲያ ስቆፍር ለምን አልነገርሽኝም?»

«ተምራ መጥታለች አልኩ።»

ከዚህ በላይ አልተናገረችም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

አጥሩን ተደግፈው ያዩ የነበሩት ጎረቤታችን ጋሼ ግን አላለፉኝም። «ሰርተፊኬቱን ለባቄላው አሳየሽው?» አሉኝ። የዚያኑ ቀን ወንድሜ በዶማ ክምሩን ሦስት ቦታ በጣጠሰው፤ ውሃው እየተንጎራጎረ ወጣ።

ጥፋቱ የኮርሱ ነው ልል አልችልም። ማታ ደብተሬን ገለጥኩ። እዚያ አለ። ከመቆፈር በፊት 30 ሳንቲ ሜትር ጉድጓድ ቆፍሩ፣ ውሃ ሙሉበት፣ በስንት ጊዜ እንደሚሰርግ ቁጠሩ። ገጹ ጠርዝ ላይ ጀበና ስዬበታለሁ። ሆልምግሬን በ2002 እ.ኤ.አ. ካወጣቸው 12 መርሆች የመጀመሪያው የሚጀምረው «ተመልከት» ብሎ ነው፤ እሱንም በቀይ እስክሪብቶ አስምሬበታለሁ። ኮርሱ ላይ ቅሬታ ካለኝ፣ መረሬን የመሰለ ውሃ የማያሳልፍ አፈር በ20 ደቂቃ ታልፎ ለሙዝ ግማሽ ቀን መሰጠቱ ነው። ለመመዝገብ የምታስቡ ካላችሁ ዋጋውን ከመጠየቃችሁ በፊት የሚሰጥበት እርሻ ከእናንተ ጋር በአየሩና በአፈሩ ይመሳሰል እንደሆነ ጠይቁ። ሰሜን ሸዋ ራሱ አንድ አገር አይደለም። ጣርማ በርን አልፋችሁ ደብረ ሲና፣ ከዚያ ሸዋ ሮቢት ስትወርዱ ከብርድ ልብስ ወደ ማንጎ ነው። ለሸዋ ሮቢት ሰው የሐዋሳው ትምህርት ከሞላ ጎደል እንዳለ ይሠራ ይሆናል።

የጉድጓዱን ፈተና መስከረም ላይ ሠራሁት። ከላይ ቀዩ አፈር ላይ ጉድጓዱ ከአንድ ሰዓት በታች ጠጣው። ከታች መረሬው ላይ ቀትር ላይ የሞላሁት በማግስቱ ጠዋት ገና ሁለት ጣት ውሃ ነበረበት። በቃ። ነገሩ ሁሉ ይሄው ነው። ቦዩ ከላይ፣ ፈሰሱ ከታች። እዚሁ ሰሜን ሸዋ፣ እነዋሪ አካባቢ እኮ ይሄን ድሮ ጨርሰውታል፤ ሴቱም ልጁም በእጁ አፈሩን እያፈሰ ሰፊ መደብ ያወጣል፣ በመሐሉ ውሃው ይሄዳል። ተመራማሪዎች እሱን አይተው በበሬ የሚጎተት መደብ ማውጫ ሠርተዋል። እኔ ሐዋሳ ሄድኩ።

ሁለተኛውን ዲዛይን በካሬ ወረቀት ነደፍኩት። ዋናው ነገር ጣሪያው ሆነ። ቤቱ 48 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ነው። በዓመት 900 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል፤ በአንድ ካሬ ሜትር አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ነው። አንድ አምስተኛው ባከነ ብንል እንኳ 34,560 ሊትር ይቀራል። ይሄ ሁሉ ከጣሪያችን ወርዶ ደጁን ጭቃ አድርጎ ይሄዳል፤ እማዬ ደግሞ በጄሪካን ከምንጭ ትቀዳለች። አሸንዳውን አስገጥመናል። ሮቶው ገና ነው፤ ደሞዝ እየጠበቀ ነው።

በኮምፖስቱ ግን እስካሁን አልተስማማንም። ትኩስ ኮምፖስት ለመሥራት ቢያንስ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር በአንድ ሜትር ክምር፣ ደረቅና እርጥብ ተደራርቦ፣ እበት ይፈልጋል። እበት ደግሞ ኩበት ነው።

«እበቱን ለመሬት ከሰጠሽው እኔ በምን ልጋግር?» አለችኝ።

12 ቀን ሙሉ ይሄን የጠየቀ ሰው አልነበረም። እኔም መልስ የለኝም። ለጊዜው የደረስንበት ስምምነት፦ የበጎቹ በጠጥ የኔ፣ የላሟ እበት የእሷ። አመዱንም ትሰጠኛለች። ከላይኛው ቦይ ሥር 30 ትሪ ሉሰርን ተክያለሁ፤ ቅጠሉ ለበጎቹ፣ ጭራሮው ለምድጃ እንዲሆን። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ውርጭ ሰባቱን መታብኝ። ሁሉም ከድንጋይ ካቡ ሥር የነበሩት ናቸው። ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ ቁልቁል ይወርድና ግድግዳ ሲያገኝ ይተኛል። ይሄም ደብተሬ ላይ ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ጋሼ መጡ። ቡና ጠጡ፣ ስለ በልግ ዝናቡ አወሩ፣ ለመሄድ ተነሡ፣ በሩ ጋ ቆሙ።

«ያቺ ለ የመሰለችው እንጨትሽ» አሉኝ፣ «ፈሰስ ስታወጪ ቁልቁለቱ እንዳይበዛ ታሳያለች?»

ታሳያለች አልኳቸው። አንዱን እግር በጥቂቱ ማሳጠር ነው።

ትከሻቸው ላይ አድርገው ሄዱ። እስካሁን አልመለሱም፤ እኔ ደግሞ የላይኛውን ቦይ ለማስቀጠል በዚህ ሳምንት እፈልጋታለሁ።